ከእምዬ አልጋ ሥር ያለው ሳጥን

ጥቅምት 8

ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ጋደም ካለ በኋላ «ይሄ ነገር ይፈነዳብኝ ይሆን እንዴ?» ብሎ አንዴ እንኳ ያልጠየቀ ሰው ይኖራል?

ሰላምታዬን ሳላስቀድም በጥያቄ ስለጀመርኩ ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ። ጥያቄው የራስዎ ነው። ባለፈው ደብዳቤዎ «ደንበኞቼ ሁሉ ይህን ይጠይቁኛል፤ ስልክ ጠጋኝ ሆኜ መልሱን አላውቀውም» ብለውኝ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በልቤ ይዤው ስዞር ከርሜ ወረቀት ሳወጣ ቀድሞኝ ወጣ። ለመሆኑ እንደምን ሰነበቱ? አያቴ እምዬስ እንዴት ነች? ዓይኗ ተሻላት? እኔ የእህትዎ ልጅ ደህና ነኝ። ለእምዬ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎ ጤና ይስጥልኝ፤ ሱቅዎንም ሲሳይ አያሳጣው።

መልሱ እንዲህ ነው። ጤነኛ ባትሪ በራሱ ቻርጀር፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ከሆነ ብዙም አያሰጋም። ትራስ ሥር ግን አይሁን። ያበጠና የተጨመቀ፣ ውኃ የገባበትም ከሆነ... ይህን ለሌላ ቀን ላቆየው። ዛሬ ደስ የሚለውን ልንገርዎ።

ሥራ አገኘሁ! ከከተማው ሁሉ የተለቀመ አሮጌ ባትሪ የሚራገፍበት ትልቅ አዳራሽ ነው። እርግጥ ለጊዜው የቆምኩት ቀበቶው አጠገብ ነው። ባትሪዎቹ በላስቲክ ቀበቶ ላይ እየተንሸራተቱ ይመጣሉ፤ እኛ ግራና ቀኝ ቆመን የስልኩን ለስልክ፣ የኤሌክትሪክ ብስክሌቱን ለብስክሌት እንለያለን። ያበጠ ከመጣ አሸዋ ወዳለበት በርሜል ነው። ፎቁ ላይ ግን በመስታወት የተከለለ ላብራቶሪ አለ። ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰዎች ሲገቡ ሲወጡ ከታች ሆኜ አያቸዋለሁ። ኬሚስትሪ የተማርኩት ለዚያ ነው ብዬ ለአለቃዬ ነገርኩት። «እናያለን» አለኝ። እናያለን ማለት አይሆንም ማለት አይደለም፣ አይደል ጋሼ?

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የሞተ ባትሪ ብለን የምንጥለው ነገር ውስጡ ገና ብዙ ጥቅም አለው። እዚህ እየፈቱ ሌላ ይሠሩበታል። ስለዚህ ከሱቅዎ የሚወጣውን አይጣሉት፤ ያስቀምጡልኝ። ሥራውን ተምሬ ስመለስ ከዚያ ሰፈር አንድም ባትሪ ቆሻሻ ላይ እንዳይወድቅ አደርጋለሁ። አደራ!

እግሬ አብጦ ጫማ አልወልቅ ስላለኝ ነው እንጂ ብዙ የምጽፈው ነበረኝ። እምዬን በሁለቱም ጉንጮቿ ይሳሙልኝ።

የእህትዎ ልጅ

*

ኅዳር 26

ለውዷ የእህቴ ልጅ፣ ለዓይኔ ብርሃን፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በጣም ደህና ነን። እምዬ ደህና ነች፣ ሱቁም ደህና ነው፣ ጆሮዬም ያው እንዳወቅሽው ነው። ባለሽበት ጥላ ከለላ ይሁንሽ።

ደብዳቤሽን እንደ ልማዳችን ጮክ ብዬ ለእምዬ አነበብኩላት። ጨርሼ ሳጥፈው እጇን ዘረጋች። ፊደል እንደማትቆጥር ታውቂያለሽ፤ አሁን ደግሞ ዓይኗም ደክሟል። ግን ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን በጣቷ ትዳስሳለች። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ብዕር ስትይዢ ወረቀቱን ልትበሺው ነው የምትደርሺው፤ ጀርባው ሁሉ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። ዳሰሰችና «ይኸው ልጄ፤ ደህና ነች» ብላ ትራሷ ሥር ከተተችው። እኔ ያነበብኩላትን ከምንም አልቆጠረችው።

ለሱቅ ሰዎችም አነበብኩት። ያ አፈኛ ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ «አንተ፣ የእህትህ ልጅ የባትሪ ሐኪም ሆነችና!» አለኝ።

«ምነው፣ ቀናህ?»

«እኔ ምን ያስቀናኛል? ይልቅ ለጆሮህ የሚሆን ባትሪ ትላክልህና እኛም ከመጮህ እንረፍ።»

ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀብኝ። ወሬው ግን ሰፈሩን አዳረሰ። «ልጅቷ ስትመጣ ታድነዋለች» እያለ ሰው ሁሉ የሞተ ባትሪውን ያመጣልኝ ጀመር። ቴሌቪዥን መክፈቻው፣ ሬዲዮው፣ የእጅ ባትሪው፣ ምኑ ቅጡ። አንድም አልጣልኩም። ዝናብም ሌባም የማይደርስበት ቦታ ቆልፌ አስቀምጬልሻለሁ። አደራ ብለሽኝ የለ? ሐሳብ አይግባሽ።

ሥራው ያው ድካም ነው። ሰው ስልኩን ጥሎ ሰብሮ ያመጣና «ምንም ሳላደርገው ጠፋ» ይላል። ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ ወገቤ ተቆረጠ። ከተቻለሽ ደህና የባትሪ መለኪያ ቴስተር ላኪልኝ፤ የእኔው አርጅቶ ያሰኘውን ያነባል።

አጎትሽ

*

የካቲት 4

ይድረስ ለጋሼ፤

ለእርስዎም ለእምዬም ሰላምታዬ ከናፍቆት ጋር ይድረሳችሁ። መልሴ ስለዘገየ አይቀየሙኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ጠረጴዛ አጥቼ ጉልበቴ ላይ ስለምጽፍ ፊደሉ ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ። ደህና ነኝ። በጣም ደህና ነኝ።

ቴስተሩን በሰው እልካለሁ።

ያን ጊዜ ባትሪ ያስቀምጡልኝ ያልኩዎት ነገር፣ ከእንግዲህ ቢቀር ይሻላል። ሌላ አይቀበሉ። ያለውንም ከቤት ውጭ ቢያደርጉት ጥሩ ነው፤ በተለይ አበጥ ያለ ካለበት። ምንም ሆኖ አይደለም፣ እንዲያው ለጥንቃቄ ብዬ ነው። ለመሆኑ የት ነው የቆለፉበት?

ላብራቶሪው እስካሁን እናያለን ላይ ነው።

የእህትዎ ልጅ

*

መጋቢት 6

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምና ጤና ከአንቺ አይለይ። እኛ ደህና ነን።

የአሁኑ ደብዳቤሽ አጭር ሆነብኝ። ለእምዬ ሳነብላት እኔው ራሴ «ናፈቃችሁኝ፣ ሳምኳችሁ» እያልኩ ትንሽ ጨመርኩበት፤ አትቆጪኝ። ወረቀቱን እንደ ልማዷ ገልብጣ ዳሰሰችው። ደጋግማ ዳሰሰችው። «ይሄ የማን ነው?» አለችኝ። የእሷው ነው አልኳት። «ምነው ለሰለሰ?» አለች። የዛሬ ብዕር ድሮ እንደምናውቀው አይደለም፣ ዝም ብሎ ይንሸራተታል አልኳት። ትራሷ ሥር ግን አላስገባችውም።

የባትሪውን ነገር ሳነበው ደግሞ አዘንኩ። ሰው ይደክመዋል፣ አውቃለሁ፤ እኔም ደክሞኛል። ግን ሰፈሩን ሙሉ ተስፋ አስቆርጬ «ልጅቷ ሐሳቧን ለወጠች» ልበል? አደራ አደራ ነው። የት እንዳለ ጠይቀሽኛል፦ የእምዬ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ያ ድሮ ልብሷን የምታስቀምጥበት። ከአልጋዋ ሥር ገፋ አድርጌዋለሁ። በቤቱ ውስጥ ደህና ቁልፍ ያለው የእሷ ክፍል ብቻ ነው። ክዳኑ አልገጥም ስላለ በገመድ ጥፍር አድርጌ አስሬዋለሁ።

ያበጠውንም ቢሆን እኔ ልጅ አይደለሁም። ጠረጴዛ ላይ አሽከረክረዋለሁ፤ እንደ ሳንቲም ከዞረ ሆዱ ተነፍቷል ማለት ነው። ከዚያ በመርፌ ወጋ አድርጌ አየሩን አስወጣለታለሁ፣ ይተኛል። የሰፈራችን ዕቃ አድራሽ ሞተረኛ ደግሞ በቀደም ጎርፍ የገባበትን የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሉን ባትሪ አመጣልኝ። ድንጋይ የሚያህል፣ ሁለት እጅ የሚጠይቅ። እሱ ቢድን ብቻውን ለሰውዬው እንጀራው ነው፤ ከሁሉ በላይ አድርጌ አስቀመጥኩት።

እምዬ በዚህ ሰሞን «ክፍሉ የበሰለ ፍሬ ይሸታል» ትላለች። ደግሞ «ከሥሬ ሙቀት ይሰማኛል» አለች። እርጅና ነው አልኳት፤ ተቀየመችኝ።

ከቻልሽ ቴስተሩን ተይውና ለእምዬ የዓይን ጠብታ ላኪ።

አጎትሽ

*

መጋቢት 24

ጋሼ፤

ሰላምታውን በሌላ ደብዳቤ እጥፍ አድርጌ እከፍላለሁ። ይህን በፖስታ አልላክሁትም፤ ወደዚያ ለሚመጣ መንገደኛ ለምኜ ሰጠሁት። እጅዎ እንደገባ፣ ሳይቀመጡ ያንብቡት።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ደወልኩ። እንደ ሁልጊዜው ድምፁን ከፍ አድርገው እምዬን መሃል አስቀመጧት። «ሳጥኑን ያውጡት» አልኩ። «ወጥቷል፣ ወጥቷል፣ የስልክ ሒሳብሽን አትጨርሺ» አሉኝ። «ወጥቷል» ያሉበት ድምፅ ግን «ደህና ነን» የሚሉበት ድምፅ ነው። አውቀዋለሁ፤ እኔም አለኝ። ልብስ ሰፊው ዘንድ ደወልኩ። «ጠየቅሁት፣ ወጥቷል ብሏል» አለኝ። እሱም በዓይኑ አላየም።

በዚህ ቤተሰብ ክፉ ነገር በደብዳቤ አይጻፍም። ደብዳቤው እምዬ ፊት ይነበባል፣ እሷ እንድትጨነቅ ደግሞ ማንም አይፈልግም። በዚህ ምክንያት እኔ ደህና ነኝ እላለሁ፣ እርስዎም ደህና ነን ይላሉ፣ በመሃል ሳጥኑ ይሞቃል። መረረኝ ጋሼ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን እምዬ ፊት ያንብቡት፤ ጮክ ብለው፣ ምንም ሳይቀንሱ፣ ምንም ሳይጨምሩ።

ጥር ላይ ቀበቶው አጠገብ ቆሜ ሳለ ያበጠ የብስክሌት ባትሪ መጣ። አንስቼ ወደ በርሜሉ ልከተው እጄን ስዘረጋ የቀበቶው ጠርዝ ያዘውና ተጨመቀ። መጀመሪያ እንደ ማንቆርቆሪያ ፉጨት ሰማሁ። ቀጥሎ ነጭ ጭስ ወጣ። እሳቱ እንደ ምድጃ እሳት ወደ ላይ አይነድም፤ እንደ ጅራፍ ይወረወራል። ጓንቱ ቀኝ እጄ ላይ ቀለጠ። ሌሎቹ አጠፉት። ጠፋ ብለን ስንተነፍስ እንደገና ተነሳ። ሞተ የምንለው ባትሪ አልሞተም፣ ጋሼ። ስልክ ማብራት አቃተው እንጂ ቤት ማቃጠል አላቃተውም።

ባለፈው በግራ እጄ ነው የጻፍኩት፤ ይህንንም በግራ እጄ ነው። እምዬ ልክ ነበረች።

አሁን ስሙኝ። የበሰለ ፍሬ የሚሸተው እርጅና አይደለም፤ ከተወጉት ባትሪዎች ውስጥ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። ሙቀቱም እውነተኛ ሙቀት ነው። በመርፌ በመውጋት ያስቀሩት አደጋ የለም፤ ያን ጊዜ እጅዎ ላይ ያልነደደው በዕድል ነው። የእምዬ መስኮት የብረት ፍርግርግ አለበት። መውጫዋ በአልጋዋ ግርጌ አልፎ በሱቁ በኩል ብቻ ነው፤ ያ ሳጥን ደግሞ መንገዷ ላይ ነው።

መጀመሪያ እምዬን ከቤት ያስወጧት። ሳጥኑ በጣም ከሞቀ ወይም ድምፅ ካሰማ አይንኩት፤ የእሳት አደጋ ሰዎችን ይጥሩ። ካልሆነ ግን ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ ሳትጎትቱና ሳታንኳኩ፣ ከራሳችሁ አርቃችሁ ተሸከሙት። እንጨትና ልብስ በሌለበት ገላጣ ቦታ አድርጉት። ገመዱን ፍቱለት፤ ታፍኖ ከተቀመጠ እንደ ቦምብ ነው። ደረቅ አሸዋ አልብሱት። ጭሱ መርዝ ነው፤ ካያችሁት ሽሹ።

ለአደራዬ ብለው ነው ያስቀመጡት። አደራዬን መልሼ ወስጃለሁ። ይጣሉልኝ።

የእህትዎ ልጅ

*

ሚያዝያ 15

ለእህቴ ልጅ፤

ከምን እንደምጀምር አላውቅም። ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ለእጅሽም ምሕረት ይላክ።

መንገደኛው ደብዳቤሽን ሱቅ ድረስ አመጣልኝ። እንዳልሽው እምዬ ፊት አነበብኩት። ማለቴ ጀመርኩት። ጓንቱ ጋ ስደርስ ገጹን ዘልዬ «በጣም ደህና ነኝ ትላለች» ልል አፌን ከፈትኩ። እምዬ «አንድ ነገር እንዳለ ያወቅሁት ወረቀቱ የለሰለሰ ቀን ነው፤ አሁን ደግሞ አንተ አትዋሸኝ» አለችኝ። ሁሉንም አነበብኩላት።

አላለቀሰችም። ነጠላዋን ለብሳ ዱላዋን ይዛ ተነሳች፤ በሱቁ በኩል ወጥታ ከመንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊው በር ላይ ተቀመጠች። «የልጄን እጅ የበላ ነገር ከእኔ ጋር አይተኛም። እስኪወጣ አልገባም» አለች። ደንበኛ ሁሉ ቆሞ ያያል። እኔ «እምዬ፣ ሰው ምን ይላል?» አልኳት። «ሰብስቦ ያመጣልህ ሰው አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

እሳት አደጋ ደወልን። «ጭስ አለ?» አሉን። «የለም» አልን። «ጭስ ሲኖር ደውሉ» ብለው ዘጉት። ልብስ ሰፊው በሳጥኑ እጀታዎች መሃል ረጅም እንጨት አስገባና እኔ ከፊት እሱ ከኋላ ያዝነው። ሙቀቱ ለብ ያለ ነበር፤ አላንኳኳነውም። ያ አፈኛ በሕይወቱ እንዲያ ዝም ብሎ አያውቅም። በሱቁ አውጥተን፣ ዞረን ጓሮ ከድንጋዩ አጥር ሥር ስናስቀምጠው ብቻ «ሬሳ ሳጥን ስሸከምም እንዲህ አልተንቀጠቀጥኩም» አለኝ።

ገመዱን ፈትቼ በእንጨት ክዳኑን ገፋሁት። የሞተረኛው ባትሪ ሆዱ ተነፍቶ ክዳኑን ከውስጥ ሲገፋ ነበር የከረመው። አልገጥም ያለኝ ለካ ለዚያ ነው፤ እኔ ደግሞ በገመድ እታገለዋለሁ። አሸዋ ልናመጣ ዞር ስንል ፉጨቱን ሰማን። እኔ እንኳ ሰማሁት፣ በዚህ ጆሮዬ! ሮጥን። የሆነውን አንቺ ስለምታውቂው አልጽፈውም። አጥሩ እስከ ላይ ጠቁሯል፤ የሳጥኑ ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ተጨማዷል። እሳት አደጋዎቹን አሁን ጭስ አለ አልናቸው፤ መጡ። ጠፋ ሲሉም እንደገና ተነሳ፣ እንዳልሽው።

ማንም አልተጎዳም። ይህ በሌላው ድምፄ አይደለም፤ እውነት ነው።

በስልክ ወጥቷል ያልኩሽ ወጥቶ አልነበረም። ይህን ታውቂዋለሽ፤ ግን ራሴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደክሞኛል። ስልክ ሲሞቅ ጠረጴዛ ላይ ጥዬው ወደኋላ እላለሁ። ሰው አሁንም ያበጠ ባትሪ ይዞ ይመጣል፤ አልቀበልም ስለው «ታዲያ የት ልጣለው?» ይለኛል። ምን ልበለው? እኛ ጋ መጣያው የት ነው? ልጆች ሜዳ ላይ ሲጫወቱበት አያለሁ።

ቴስተሩም ጠብታውም ይቅር፤ ምንም አትላኪ። እጅሽ እንዴት እንደሆነ ብቻ ጻፊልኝ። እውነቱን። ለእምዬ አነብላታለሁ።

አጎትሽ

*

ግንቦት 20

ለምወድዎት ጋሼ፣ ለእምዬም፤

እንደምን ናችሁ? ሰላምታዬ ባለፈው የቀረውም ተጨምሮበት ይድረሳችሁ። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፤ መውረጃዬ አለፈኝ።

እውነቱን ጠየቁኝ። ቁስሉ ድኗል። ሁለቱ ጣቶቼ ግን ሙሉ በሙሉ አይታጠፉም፣ ቆዳው ስቦ ይዟቸዋል። ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውኃ ውስጥ እየነከርኩ አለማምዳቸዋለሁ። ያመኛል። ብርድ ሲሆን ይብሳል። ወደ ቀበቶው ተመልሻለሁ፤ ያበጠ ባትሪ ከሩቅ ሲመጣ ቀኝ እጄን ከኋላዬ እደብቃለሁ፣ ካለፈ በኋላ አወጣዋለሁ። የላብራቶሪውን ሥራ አለቃዬ ለሌላ ሰው ሰጠው። እናያለን ማለት አይሆንም ማለት ነበር። ያን ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ሺፍቴ ደርሶ ነበርና ገባሁ።

ጥያቄዎ ግን አላስተኛ አለኝ፦ «ታዲያ የት ልጣለው?» ሰው የሚጥልበት ቦታ ሳይኖረው «አስቀምጡልኝ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ «ጣሉልኝ» እላለሁ። ስለዚህ አሰብኩ። ከሱቅዎ ጀርባ፣ ከዚያ ከጠቆረው አጥር ሥር ገላጣው ቦታ ላይ፣ የብረት በርሜልና ደረቅ አሸዋ፣ ላዩ ላይ ዝናብ የማያስገባ ግን ጥብቅ ብሎ የማይዘጋ ክዳን ይኑር። ቤት አይጠጋው፣ ልጅ አይድረስበት። እዚህ ያለውን በርሜል ከላይ ከጎን ለካሁት፤ ሥዕሉን አብሬ ልኬያለሁ። ሲሞላ የሚወስደው አካል መፈለግ አለበት፤ ለእናንተ ከተማ ጽዳት ሰዎች ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ እስኪሰለቻቸው እጽፋለሁ። ልብስ ሰፊው ይስቅብኝ። አፉ የሚጠቅመን አሁን ነው፤ «መርፌ የለም፣ አልጋ ሥር የለም» እያለ ሰፈሩን ያዳርስልን። ትፈልጋላችሁ? እምቢ ማለትም ይቻላል፤ ብቻ እናያለን አትበሉኝ።

ከዚህ በታች ያለው አንድ መስመር ብቻ በቀኝ እጄ የተጻፈ ነው። ፊደሉ የልጅ ፊደል ይመስላል፣ ለመጻፍም ብዙ ቆየሁበት፤ ግን የቻልኩትን ያህል ተጭኜዋለሁ።

እምዬ፣ እኔ ነኝ።

ጋሼ፣ ይህን ሳያነቡላት ወረቀቱን ገልብጠው ይስጧት። በጣቷ ትዳስሰው። ምን እንዳለችዎ፣ ምንም ሳይጨምሩ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ